ከሶፋ እስከ ሳኦ ፓውሎ፦ የብራዚል ድራማ ሻንጣ የሚያሲዘውና ፖርቹጋልኛ የሚያስለምደው እንዴት ነው?

ማንጌ ሴኩ፣ አንድ ወንዝ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ያለች ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። የምትገኘው በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ በባሂያ ግዛት ጫፍ ነው። አብዛኛው ጎብኚ የሚደርስባት ከጎረቤቱ የሰርዢፒ ግዛት ተነስቶ፣ ወንዙን በጀልባ ተሻግሮ ነው። ከጀልባ ሲወረድ አሸዋ ነው። መንገዱ አሸዋ፣ ደጁ አሸዋ፣ ከመንደሩ ጀርባ ኮረብታ የሚመስለውም አሸዋ። ባጊ የሚባለውን ክፍት መኪና የያዙ ሾፌሮች ጎብኚውን ተቀብለው ወደ ጉብታው ያወጡታል። ሰው ወደዚህ መጉረፍ የጀመረው ግን ለአሸዋው ብሎ አይደለም። «ቺዬታ»ን አይቶ ነው።

«ቺዬታ» በ1989 የታየ የግሎቦ ቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) መነሻው የዦርዢ አማዱ ልብ ወለድ ነው። ወጣት ሳለች አባቷ ደብድቦ ከከተማ ያባረራት ሴት ከብዙ ዓመት በኋላ ሀብታም ሆና ትመለሳለች። ያኔ ሲያሟት የነበሩ ሁሉ አሁን እጅ ይነሷታል። በጣም የሚገርመው፣ ድራማው ላይ የምናያት ከተማ ሪዮ ውስጥ ለቀረጻ ተብላ የተሠራች ናት። የማንጌ ሴኩ የሆነው አሸዋውና ባሕሩ ነው። እሱም በቃ። ድምፅ የማይሰማባት መንደር የቱሪስት መዳረሻ ሆና ቀረች።

አንድ ድራማ ይህን ያህል ጉልበት ከየት ያመጣል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን ድራማው ጥሩ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ከይዘቱ ይልቅ አመጣጡ ነው ሥራውን የሚሠራው።

በየቀኑ የሚመጣ እንግዳ

ብራዚላውያን «ኖቬላ» የሚሉት ነገር እኛ በሳምንት አንዴ ከምንጠብቀው ድራማ ይለያል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ በየምሽቱ ይመጣል። ግሎቦ በ1965 ሪዮ ላይ የተቋቋመ ጣቢያ ነው። ምሽቱን ከፋፍሎ ይዞታል፦ የ12 ሰዓቱ ኖቬላ አለ፣ የምሽቱ 1 ሰዓት አለ፣ ከዚያ ዜና፣ ከዜናው በኋላ ደግሞ ዋናው፣ ትልቅ በጀት የሚፈስበት የምሽቱ 3 ሰዓት ኖቬላ። አንዱ ታሪክ 150 ወይም 200 ክፍል ይሄዳል። ስድስት ሰባት ወር ሲሆነው ያልቃል። ያልቃል ስል በእውነት ያልቃል፤ ምዕራፍ ሁለት፣ ምዕራፍ ሦስት እያለ አይንዛዛም። በማግስቱ ሌላ ታሪክ በዚያው ሰዓት ይጀምራል።

ሌላም ነገር አለ። ኖቬላው የሚጻፈው እየታየ ነው። ደራሲው የተወሰኑ ክፍሎች ቀድሞ ይሄዳል እንጂ ሙሉውን ጨርሶ አያስረክብም። ሕዝቡ የጠላው ገጸ ባሕርይ ሊሞት ወይም ውጭ አገር ሊላክ ይችላል። የተወደደው ደግሞ ከጎን ተነስቶ መሃል ይገባል። ስለዚህ ሰዎቹ የሚያወሩት የዚያን ሰሞን ቋንቋ ነው። ለቋንቋ ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሆርተን እና ዎል የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1956 አንድ ነገር ጽፈዋል። ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ስክሪን ላይ ካለው ሰው ጋር የጓደኝነት ስሜት ይገነባል፤ ያኛው ግን እሱ መኖሩንም አያውቅም። ሰባት ወር ሙሉ በየምሽቱ ሳሎናችሁ የሚመጣ ሰው ከጎረቤት በምን ይለያል? ሲያለቅስ ታለቅሳላችሁ፤ ሲታለል «ኧረ አትመናት!» ትላላችሁ። የሚኖርበት ሰፈር፣ የሚሄድበት ባሕር ዳርቻ፣ የሚጠጣው ቡና፣ ሁሉም የምታውቁት ይሆናል። አንድ ቀን ትኬት ስትቆርጡ የማታውቁት አገር የምትሄዱ አይመስላችሁም። ዘመድ ጥየቃ ነው የሚመስለው።

ይህ ጉልበት ትኬት በማስቆረጥ አያበቃም። ብራዚል ውስጥ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው ልጅ ቁጥር በ1960 ከስድስት በላይ ነበር፤ በ2000 ወደ ሁለት ተጠግቷል። ምክንያቱ ብዙ ነው። ነገር ግን ኢኮኖሚስቶች የግሎቦ ስርጭት መቼ የት እንደደረሰ ከሕዝብ ቆጠራው ጋር አስተያይተው በ2012 አንድ ጥናት አወጡ። ስርጭቱ በደረሰበት አካባቢ የወሊድ ቁጥሩ ይበልጥ ቀንሷል። ኖቬላዎቹ ስለ ወሊድ መከላከያ ስብከት ይዘው አልነበረም። ያሳዩ የነበረው አንድ ልጅ ያላቸው ወይም ጭራሽ ያልወለዱ፣ ደስ ብሏቸው የሚኖሩ ሴቶችን ነው። ሰው የልጁን ቁጥር እስኪቀይር ከተነካ፣ ለእረፍት የሚሄድበትን ቦታ ቢቀይር ምን ይደንቃል?

ነብሯ ያለችበት ረግረግ

የጉዞውን ነገር በደንብ የሚያሳየው ፓንታናል ነው። ፓንታናል ምዕራብ ብራዚል ውስጥ ያለ፣ በዓለም ላይ ትልቁ የሐሩር አካባቢ ረግረግ ነው። ከብት አርቢ ብዙ፣ ሰው ትንሽ። እስከ 1990 ድረስ ለሪዮና ለሳኦ ፓውሎ ነዋሪ ካርታ ላይ ያለ ስም ነበር። በዚያ ዓመት ማንሼቺ የሚባል፣ ከግሎቦ በብዙ የሚያንስ ጣቢያ «ፓንታናል» የሚል ኖቬላ አወጣ። ደራሲው ቤኔዲቱ ሁዊ ባርቦዛ ሐሳቡን መጀመሪያ ለግሎቦ አቅርቦ አልተቀበሉትም ነበር። ማንሼቺ ካሜራውን ይዞ እዚያው ረግረጉ ውስጥ ገባ። ወንዙ፣ ወፉ፣ ጀምበር ስትጠልቅ ፈረስ ላይ ያለው ከብት ጠባቂ፣ ሁሉም ረጋ ብሎ ይታያል። ዡማ የምትባል ልጅ አለች፤ ስትቆጣ ነብር ትሆናለች። ዣጓር የሚባለው የደቡብ አሜሪካው ማለቴ ነው። ግሎቦ በተመልካች ቁጥር ተበለጠ። እንዲህ ያለ ነገር ብራዚል ላይ ብርቅ ነው።

ግሎቦ በ2022 ያንኑ ታሪክ እንደገና ሠራው። የጻፈው የቀድሞው ደራሲ የልጅ ልጅ ነው። በሁለቱ መሃል ብዙ ነገር ተለውጧል። በ2020 በተነሳው ሰደድ እሳት ከረግረጉ ሩብ የሚበልጠው ተቃጥሎ ነበር። ስለዚህ ሁለተኛውን ያየ ሰው የሚያየው ውበት ብቻ አይደለም፤ ሊያልቅ የሚችል ውበት ነው። ፓንታናል እንደገና የሰው አፍ ውስጥ ገባ።

መሄድ ለሚፈልግ፦ መግቢያዎቹ ኩያባ እና ካምፑ ግራንዲ የሚባሉት ከተሞች ናቸው። ከኩያባ በኩል ፖኮኔ ከምትባል ከተማ የሚነሳ ትራንስፓንታኔይራ የሚሉት የአፈር መንገድ አለ። ወደ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከመቶ በላይ ድልድይ አለው። መጨረሻው ፖርቱ ዦፍሪ ነው። ዣጓር ለማየት የሚመጣ ሰው ጀልባ የሚይዘው እዚያ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ደረቅ ስለሚሆን እንስሳው ውኃ ዳር ይሰበሰባል፤ በዝናቡ ወራት ግን መንገዱም አያስኬድም። የቢጫ ወባ ክትባት መውሰድ ይመከራል። ድራማው የተቀረጸው ግን በሌላው አቅጣጫ፣ በካምፑ ግራንዲ በኩል፣ አኪዳዋና አካባቢ ባሉ የከብት እርባታ ቦታዎች ነው። ይህን ሳያውቁ ኩያባ ወርደው «የዡማ ቤት የታለ?» የሚሉ አይጠፉም። በመካከል ያለው ርቀት ቀልድ አይደለም።

በነገራችን ላይ ጉልበቱ ወደ ውጭም ይሠራል። ግሎቦ በ2001 «ኦ ክሎኒ» የሚል ኖቬላ ከሞሮኮ ጋር አያይዞ ሲያሳይ የብራዚል ሴቶች የዋና ገጸ ባሕርይዋን የዣዲን ጌጥ መልበስ ጀመሩ፤ «ኢንሻአላህ» ማለት ፋሽን ሆነ።

ስክሪኑ የማያሳየው

እዚህ ላይ ግን ትንሽ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የኖቬላው ብራዚል ለረጅም ጊዜ የሪዮ ደቡባዊ ክፍል ብራዚል ነበር። ኮፓካባና፣ ኢፓኔማ፣ ሌብሎን። ባሕር የሚያይ አፓርታማ፣ ወጥ ቤት ውስጥ የቤት ሠራተኛ። በ2012 የታየው «አቬኒዳ ብራዚል» አገር ምድሩን ያናወጠበት አንዱ ምክንያት ታሪኩን ወደ ከተማዋ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ አዲስ ገንዘብ ያገኘ ሠርቶ አደር የሚኖርበት ሰፈር መውሰዱ ነው።

የቆዳ ቀለሙም ነገር አለ። በ2022 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከብራዚላውያን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ጥቁር ወይም ክልስ ብለው ነው ያስመዘገቡት። ስክሪኑ ላይ ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት ጥቁር ተዋናይ ወይ ሠራተኛ ነው ወይ ሾፌር። ዓለምን የዞረው «ባሪያዋ ኢዛውራ» እንኳ (በ1976 ነው የወጣው፤ ቻይናን፣ ፖላንድን፣ ሶቪየት ኅብረትን ያስለቀሰ) ባሪያ ሆና የምትሠራው ነጭ ተዋናይት ናት። ግሎቦ ጥቁር ሴት ዋና ገጸ ባሕርይ አድርጎ ያቀረበው በ2004 ነው፤ ተዋናይቷ ታይስ አራውዡ ትባላለች። በ2018 ባሂያ ላይ የሚያጠነጥን ኖቬላ ሲጀምሩ ተዋናዮቹ በአብዛኛው ነጭ ስለነበሩ ትልቅ ቁጣ ተነሳ። ባሂያ እኮ የጥቁር ብራዚል እምብርት ናት! ድራማ ብቻ አይቶ የባሂያ ዋና ከተማ ሳልቫዶር የወረደ ሐበሻ መንገድ ላይ እሱን የሚመስል ሰው በዛበት ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ጥፋቱ የሱ አይደለም፤ የስክሪኑ ነው።

ጆሮ ቀድሞ ይሄዳል

አሁን ወደ ቋንቋው። ድራማ አይቶ ቋንቋ ይለመዳል? ይለመዳል፤ ግን ብቻውን አይደለም።

ጉልበቱን ማየት ለሚፈልግ ፖርቹጋል ጥሩ ምሳሌ ናት። ከ1977 ጀምሮ የብራዚል ኖቬላ ስታይ ኖራለች። ቅርብ ጊዜ ደግሞ ልጆቿ የብራዚል ዩቲዩበሮችን ማየት ሲያበዙ፣ አፋቸውን በፖርቹጋልኛ የፈቱ ሕፃናት በብራዚል አነጋገር ማውራት ጀመሩ፤ ለአውቶቡስ የአገራቸውን ትተው የብራዚሉን ቃል ይጠራሉ። በ2021 ጉዳዩ የጋዜጣ ወሬ ሆኖ ወላጆች ሲያማርሩ ነበር። ማንም አላስተማራቸውም። ሰሙ፣ ወደዱ፣ ደገሙ።

የኛ ችግር እነዚያ ልጆች ቋንቋውን አስቀድመው መቻላቸው ነው። ከዜሮ የሚነሳ ሰው ኖቬላ ቢከፍት ጩኸት ነው የሚሰማው። በእንግሊዝኛ ላይ የተሠራ ጥናት የቴሌቪዥን ንግግርን 95 ከመቶ ለመከተል ሦስት ሺህ ያህል የቃል ቤተሰብ (ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት እንደ አንድ ተቆጥረው) ማወቅ እንደሚያስፈልግ ያሳያል። ለፖርቹጋልኛ ቁጥሩ ያው ባይሆንም ነገሩ ያው ነው፦ መጀመሪያ መሠረት መያዝ የግድ ነው። ጥቂት ወር በመጽሐፍ ወይም በአፕ ሠርታችሁ ወደ ድራማ ብትገቡ ይሻላል።

ከዚያ በኋላ ኖቬላ ከመጽሐፍ የማይገኝ ነገር ይሰጣል። የመጽሐፉ ፖርቹጋልኛና የአፉ ፖርቹጋልኛ በጣም ይራራቃሉ። መጽሐፉ «ኢስታ» የሚለው አፍ ላይ «ታ» ነው። «ቮሴ» (አንተ፣ አንቺ) «ሴ» ይሆናል። «እኛ» ለማለት ሰዋስው «ኖስ» ብሎ ያስተምራል፤ ሰው ግን «አ ዤንቺ» ነው የሚለው። ይህን ሳያውቅ ሪዮ የወረደ ተማሪ ሁለት ዓመት የተማረው ሌላ ቋንቋ ይመስለዋል።

አንድ ትዕይንት ጠጋ ብለን እንይ። ኖቬላ ውስጥ የቁርስ ጠረጴዛ የማይቀር ነገር ነው። ፓፓያ፣ ኬክ፣ አይብ ያለበት ትንንሽ ዳቦ፣ ሙሉ ጆግ የብርቱካን ጭማቂ፣ ቡና። የሚበላው ግን የለም። ብራዚላውያን ራሳቸው ይቀልዱበታል። ልጁ ሸሚዙን እየቆለፈ ይመጣል። እናት፦ «ቦን ጂያ! ሴንታ፣ መው ፊዩ።» እንደምን አደርክ፣ ተቀመጥ ልጄ። ልጁ፦ «ቶ አትራዛዱ!» ረፍዶብኛል። እናት፦ «ኮሚ አውጉማ ኮይዛ!» ኧረ ትንሽ ቅመስ! አንድ ጉንጭ ቡና ይስብና ይወጣል። ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም።

ከዚህች ግማሽ ደቂቃ ብዙ ይገኛል። መጀመሪያ ያለ ጽሑፍ እዩዋት። ቀጥሎ የፖርቹጋልኛውን ሰብታይትል አብርታችሁ እዩ፤ የእንግሊዝኛውን አይደለም። የእንግሊዝኛው ታሪኩን ለመከተል ይረዳል፤ የፖርቹጋልኛው ግን የሰማችሁትን ድምፅ ከፊደሉ ጋር ያጋጥማል። ልዩነቱን እዚያው ታያላችሁ። «ዲ» ተብሎ የተጻፈው «ጂ» ተብሎ ይነበባል፤ «ዲያ» «ጂያ» የሆነው ለዚህ ነው። «ቲ»ም «ቺ» ይሆናል። ቃል መጀመሪያ ላይ ያለ «ር» ወደ «ህ» ይሄዳል፤ እዚያ አገር ሮናልዶ ብትሉ ቶሎ አይገባቸውም፣ «ሆናውዱ» ነው። ከዚያ እናቲቱን ሆናችሁ ጮክ ብላችሁ በሏት። ከዚያ ልጁን ሁኑ። ቤተሰብ ያበደ ይመስለው ይሆናል፤ ይመስለው።

አማርኛ ለሚናገር ሰው ጥቂት ነገር ይቀልለዋል። «ኝ»፣ «ዥ»፣ «ሽ» አፋችን ላይ አሉ፤ ነገን «አማኛን» ሲሉ ሌላው ተማሪ ምላሱ ሲታሰር እኛ ዝም ብለን እንላታለን። አክብሮቱም አይከብደንም። ኖቬላ ላይ አሮጊቷን «ቮሴ» የሚላት ልጅ ባለጌ ነው፤ «አ ሴኞራ» ማለት አለበት። የኛ «አንቺ» እና «እርስዎ» ማለት ነው። ሰው በራሱ ስም መጠራቱም እንደኛ ነው። «ዶና ማሪያ»፣ «ሴው ዡዋዉን» ይላሉ፤ ፕሬዚዳንታቸውን እንኳ «ዲልማ» ብለው ነበር የሚጠሩት፣ በአባት ስም አይደለም። የሚከብደን በአፍንጫ የሚወጣው አናባቢ ነው። ዳቦ ስትጠይቁ አፍንጫችሁን ካልተጠቀማችሁ እንጨት ይሆናል፤ ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው የሚስቅበት ሌላ ትርጉምም አለው። «አቮ» ደግሞ አያት ነው፤ ሴቷና ወንዱ የሚለዩት አፍ በመክፈትና በመግጠም ብቻ ነው። እዚህ ላይ ጆሮ እንጂ መጽሐፍ አይረዳም።

የድራማው ጉድለትም አለ። አብዛኛው ሰው የሚያወራው የሪዮን ቅላጼ ነው፤ ቃል መጨረሻ ላይ ያለውን «ስ» ወደ «ሽ» የሚወስደውን። ሰሜን ምሥራቅ ስትሄዱ ዜማው ሌላ ነው፤ ሊዝበን ስትደርሱ ደግሞ አናባቢው ግማሹ ይዋጣል፣ ባቡሩም ስልኩም ሌላ ስም አለው። ሌላው ጉድለት የመዝገበ ቃላቱ ነው። በኖቬላ ያደገ ተማሪ «ከዚህ ውጣ!»፣ «ስለ እግዚአብሔር!»፣ «አላምንም!» ማለት ይችላል። ባንክ ሄዶ ሒሳብ መክፈት ግን አይችልም። ኖቬላ ላይ የባንክ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው የለማ።

ከኛ አንጻር

ቃና ከ2016 ጀምሮ የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ አስለምዶናል። ታሪክ ለመከተል አሪፍ ነው። ቱርክን ሊያስናፍቅም ይችላል። ቱርክኛ ግን አያስለምድም፤ ጆሯችን የሰማው አማርኛ ነው። የብራዚልን ድራማ ለቋንቋው ብላችሁ የምታዩ ከሆነ በዋናው ድምፅ መሆን አለበት። አሜሪካና አውሮፓ ላላችሁ ግሎቦፕሌይ የሚባለው የግሎቦ የኢንተርኔት አገልግሎት በክፍያ ይገኛል፤ የድሮዎቹም አሉበት።

መሄዱም ከምታስቡት የቀረበ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2013 ጀምሮ ወደ ሳኦ ፓውሎ ይበርራል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ኤምባሲው አዲስ አበባ ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዛችሁም ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ቪዛ መጠየቅ ግዴታችሁ ሆኗል፤ «እኛን አይመለከተንም» ብላችሁ ኤርፖርት እንዳትቀሩ። ቋንቋውንም ለብራዚል ብቻ አትዩት። አንጎላ፣ ሞዛምቢክ፣ ኬፕ ቨርዴ አሉ። ፖርቹጋልኛ አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ ኅብረት ከሚሠራባቸው ቋንቋዎችም አንዱ ነው፤ አስተርጓሚና ተርጓሚ ይፈልጋል።

ወረቀት ለሚፈልግ ሴውፒ ብራስ የሚባል ፈተና አለ። የብራዚል መንግሥት ለውጭ አገር ሰው የሚሰጠው የፖርቹጋልኛ ችሎታ ማረጋገጫ ነው። ሰዋስው ለብቻው ነጥሎ አይጠይቅም፤ ነገር ሰጥቶ ጻፍ፣ ተናገር ነው የሚለው። የመጀመሪያው የጽሑፍ ሥራ ቪዲዮ አይቶ መጻፍ ነው። የኖቬላ ሰዎች እዚህ ላይ ደስ ሊላቸው ይገባል። ብቻ ቪዲዮው የሚታየው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሰብታይትል ማብራት፣ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ስለዚህ ቤታችሁ ስትለማመዱ ሦስተኛውን ዙር ያለ ጽሑፍ አድርጉት።